ከከተማ ዳር የመጣ ድምፅ፦ ስለ አንድ የ1968 አልበም አራት ደብዳቤዎች

ባለፈው እትም በዚህ ዓምድ መጨረሻ ላይ፣ ዘ ዞምቢስ የተባለው የእንግሊዝ ቡድን በ1968 ስላወጣው «ኦደሴ ኤንድ ኦራክል» የተሰኘ የሳይኬዴሊክ ፖፕ አልበም በጥቂት መስመሮች ጠቁሜ አልፌ ነበር። ጥቆማዋ ለቦታ መሙያ የገባች ብትሆንም አራት ደብዳቤዎች አስከትላለች፤ አራቱም የመጡት ከአዲስ አበባ ዳርቻ፣ ማለትም ከቱሉ ዲምቱ፣ ከየካ አባዶ፣ ከሰበታና ከሱሉልታ ነው። እኔም የምኖረው ወደ ለገጣፎ መውጫ ላይ ስለሆነ አጋጣሚውን ወድጄዋለሁ። አልበሙ ሠላሳ አምስት ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ከመገናኛ ሚኒባስ ስሳፈር ከከፈትሁት፣ መንገዱ ካልተዘጋጋ ሰፈሬ ስደርስ የመጨረሻው ዘፈን ይጀምራል፤ መንገዱ ሲዘጋጋ ደግሞ ሁለት ጊዜ አዳምጠዋለሁ። ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ (ከቱሉ ዲምቱ)፦ «የአሥራ ሰባት ዓመት ልጅ አለኝ። ያቺን ጥቆማዎን ካነበበ ወዲህ አልበሙን በስልኩ ሲያዳምጥ ያመሻል። አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ‹ሳይኬዴሊክ ማለት የአደንዛዥ ዕፅ ሙዚቃ ማለት ነው› ብላ አስደነገጠችኝ። ልከለክለው ይገባኛል?»

መልስ፦ እናታችን፣ ባልደረባዎ ያለ መነሻ አልተናገሩም። ቃሉን በ1950ዎቹ የፈጠሩት ሃምፍሪ ኦስመንድ የተባሉ የአእምሮ ሐኪም ሲሆኑ፣ ኤልኤስዲ የተባለውን አደንዛዥ ዕፅና መሰሎቹን በሚያጠኑበት ጊዜ «ነፍስ» እና «መግለጥ» የሚል ፍቺ ያላቸውን ሁለት የግሪክ ቃላት አጋጥመው ያበጁት ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ቃሉ ከሐኪሞች እጅ ወጥቶ ወደ ሙዚቃ ሲገባ ግን ትርጉሙ እየሰፋ ሄደ፤ ቴፕን ወደ ኋላ ማጫወት፣ ድምፅን እንደ ገደል ማሚቶ ማራዘም፣ የሕንድ መሣሪያዎችን ከጊታር ጋር ማሰማት፣ በአንድ ዘፈን መካከል ስሜትን በድንገት መለወጥ፣ ይህ ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራ ጀመር። ሳይኬዴሊክ ፖፕ የሚባለው ዘርፍ እነዚህን ቀለሞች ይዋስና የዘፈኑን አጭርነትና በቀላሉ አፍ ላይ የሚቀረውን አዝማች ግን እንደያዘ ይቀራል።

ልጅዎ የሚያዳምጠው አልበም ስለ ምን እንደሚዘፍን ቢጠይቁት ሳይገረሙ አይቀሩም። የመጀመሪያው ዘፈን ፍቅረኛው ከእስር ቤት የምትወጣበትን ቀን እየቆጠረ ደብዳቤ የሚጽፍላት ሰው ነው፤ ሁለተኛው ሌሎች ሲፋቀሩ እያየች ብቻዋን ስለምታረጅ ሴት ነው፤ ሌላው በአንደኛው የዓለም ጦርነት ምሽግ ውስጥ እጁ መንቀጥቀጥ አላቆም ያለው ሥጋ ሻጭ ነው። «ሀንግ አፕ ኦን ኤ ድሪም» የሚለው ብቻ በዚያ ዘመን አበባ ይዘው ስለ ሰላም ይሰብኩ ወደነበሩት ወጣቶች ሕልም ይጠጋል። አይከልክሉት፤ ይልቅ ሌሊቱን እንዲተኛበት ይምከሩት።

ጥያቄ (ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም)፦ «በሠርግና በልደት ኪቦርድ እጫወታለሁ። እሑድ እሑድ ከጓደኞቼ ጋር እኛ ብሎክ ደረጃ ላይ ቁጭ ብለን አልበሙን እናዳምጠዋለን። ሦስት ነገር ግራ ገብቶናል። አንደኛ፣ የቫዮሊንና የዋሽንት ድምፅ ይሰማል፤ ነገር ግን የተጫወተው ኦርኬስትራ ስም የትም የለም። ሁለተኛ፣ አንዱ ጓደኛችን የቢትልስ ግልባጭ ነው ሲል ሌላው የቢች ቦይስ ግልባጭ ነው ይላል። ሦስተኛ፣ እውነቱን ልናገርና እኔን መጀመሪያ ላይ ውሃ ውሃ ብሎኝ ነበር፤ ጥፋቱ የጆሮዬ ነው ወይስ የአልበሙ?»

መልስ፦ ወንድማችን፣ ከመጀመሪያው ጥያቄህ ልጀምር፤ ምክንያቱም መልሱ አንተ በየሠርጉ ከምታደርገው ነገር የራቀ አይደለም። የኦርኬስትራው ስም የሌለው ኦርኬስትራ ስላልነበረ ነው። የምትሰማው ሜሎትሮን የተባለ መሣሪያ ነው። ሜሎትሮን ከ1963 ጀምሮ በእንግሊዝ አገር በበርሚንግሃም ይሠራ የነበረ ባለ ቁልፍ መሣሪያ ሲሆን፣ በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር አንድ ቁራጭ የማግኔት ቴፕ ተዘርግቷል፤ በቴፑ ላይ አስቀድሞ የተቀረጸ የእውነተኛ ቫዮሊን ወይም የዋሽንት ድምፅ አለ። ቁልፉ ሲጫን ቴፑ በማንበቢያው ላይ ይጎተታል፤ ጣት ሲነሣ ወደ ቦታው ይመለሳል። ቴፑ የሚበቃው ለስምንት ሰከንድ ያህል ብቻ ስለሆነ ተጫዋቹ ጣቱን ደጋግሞ ማንሣት አለበት፤ የቴፑም ፍጥነት ፍጹም እኩል ስለማይሆን ድምፁ በጥቂቱ ይዋልላል። ያ መዋለል ነው የሕልም ቀለም የሚሰጠው። አንተ ኪቦርድህ ላይ «ስትሪንግስ» የሚለውን መርጠህ የሙሽሮችን መግቢያ ስታጅብ የምታደርገው የዚህኑ መሣሪያ የልጅ ልጅ መጠቀም ነው።

ሜሎትሮኑን የተጠቀሙት ደግሞ በምርጫ ብቻ ሳይሆን በችግርም ነበር። ሲቢኤስ የተባለው ኩባንያ ለአልበሙ የሰጣቸው 1,000 ፓውንድ ብቻ ስለነበር ኦርኬስትራ መቅጠር አይታሰብም። ቀረጻው በሰኔ 1967 በለንደን፣ ዛሬ አቢ ሮድ ተብሎ በሚታወቀው የኢኤምአይ ስቱዲዮ ተጀመረ፤ ጥቂት ዘፈኖች ኦሊምፒክ በተባለው ስቱዲዮ ተቀርጸው እስከ ኅዳር ድረስ ቀጠለ። ቢትልሶች «ሳርጀንት ፔፐርስ ሎንሊ ኸርትስ ክለብ ባንድ» የተባለውን አልበማቸውን እዚያው ስቱዲዮ ውስጥ ቀርጸው የጨረሱት በሚያዝያ ነበርና፣ የቡድኑ የኪቦርድ ተጫዋች ሮድ አርጀንት እንደሚያስታውሰው ሜሎትሮኑም ከእነርሱ የቀረ ነበር። የድምፅ ባለሙያዎቹ ጄፍ ኤመሪክና ፒተር ቪንስ ነበሩ፤ ኤመሪክ በቢትልስ አልበም ላይ የሠራው ራሱ ነው። የስቱዲዮ ሰዓት ገንዘብ ስለነበር አምስቱ ልጆች ዘፈኖቹን ከመግባታቸው በፊት ደጋግመው ተለማምደው ነበር የሚገቡት፤ በአልበሙ ላይ አንድም የባከነ ድምፅ የማይሰማው ለዚህ ይመስለኛል።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄህ ስመጣ ሁለቱም ጓደኞችህ በግማሽ ልክ ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ግን «ግልባጭ» የሚለውን ቃል ቢመልሱት ደስ ይለኛል። የቢች ቦይስ «ፔት ሳውንድስ» በግንቦት 1966፣ የቢትልስ «ሪቮልቨር» በነሐሴ 1966 ወጥተው ነበርና በእንግሊዝ የነበረ ዘፈን ጻፊ ሁሉ ሁለቱን አልበሞች ሳያዳምጥ አልቀረም። ዞምቢሶች ከቢች ቦይሱ ብራያን ዊልሰን የተማሩት በግልጽ የሚሰማው በድምፅ አከፋፈል ላይ ነው፤ «ኬር ኦፍ ሴል ፎርቲ ፎር» በሚለው የመጀመሪያ ዘፈን መካከል መሣሪያዎቹ ዞር ይሉና ድምፆቹ ቃል ሳይኖራቸው እንደ ደረጃ ሲደራረቡ ትሰማለህ። የክሪስ ዋይት ቤዝ ጊታርም የኮርዱን (በአንድ ላይ የሚመቱትን ድምፆች) መሠረት እየደገመ አይቆምም፤ ለብቻው ዜማ እየሠራ ይሄዳል። ይህም በዚያን ጊዜ ብራያን ዊልሰንና የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ ያስለመዱት አካሄድ ነው።

የቀረው ግን ከእነዚህ ከሁለቱ አልመጣም፤ እኔ በዚህ አልበም ላይ ከምወደው ነገር የሚበልጠውም ይኸኛው ነው። ዞምቢሶች የለንደን ልጆች አይደሉም። ከለንደን በስተ ሰሜን ሠላሳ ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ከምትገኘው ከሴንት አልባንስ ነው የመጡት፤ ለእኛ ሰበታ ወይም ሱሉልታ እንደማለት ነው። ከተማዋ ትልቅ ጥንታዊ ካቴድራል አላት፤ አርጀንት በልጅነቱ በዚያ መዘምራን መካከል ቆሞ ዘምሯል። «ቼንጅስ» በሚለው ዘፈን አምስቱም አብረው ሲያዜሙ የምትሰማው ንጹሕና ንዝረት የሌለው አዘማመር ከካሊፎርኒያ የባሕር ዳርቻ ይልቅ ከቤተ ክርስቲያን የድንጋይ ጣሪያ ሥር የወጣ ይመስለኛል። አርጀንት ክላሲካል ሙዚቃን ከነማይልስ ዴቪስ ጃዝ ጋር እያዳመጠ ያደገ ሰው ነው፤ «ታይም ኦፍ ዘ ሲዝን» ላይ በኦርጋን ሁለት ጊዜ ረዘም አድርጎ ሲጫወት የፖፕ ዘፋኝን የሚያጅብ ሰው አይመስልም። በዚያው ዘፈን ውስጥ የሴቲቱ አባት ሀብታም ስለመሆኑ የሚጠይቀው ስንኝ፣ ጆርጅ ገርሽዊን በ1935 ለመድረክ የደረሰው «ሰመርታይም» የሚጀምርበትን ሐሳብ ያስተጋባል፤ ዞምቢሶች ያንን ዘፈን በ1965 ባወጡት የመጀመሪያ አልበማቸው ላይ ተጫውተውታል።

የግጥሞቹም ምንጭ የመጻሕፍት መደርደሪያ ነው። «ኤ ሮዝ ፎር ኤሚሊ» ርዕሱን የወሰደው አሜሪካዊው ደራሲ ዊልያም ፎክነር በ1930 ካሳተመው አጭር ልብ ወለድ ሲሆን፣ ታሪኩን ግን አልተከተለም፤ የፎክነር አስፈሪ ፍጻሜ በዘፈኑ ውስጥ የለም። ስለ ምሽጉ ሥጋ ሻጭ የሚናገረው «ቡቸርስ ቴል» የክሪስ ዋይት ድርሰት ነው፤ ዋይት ስለዚያ ጦርነት በጥልቀት ያነብ ነበር። አስተውሎ ለሚሰማ ሰው አንዲት ትንሽ ጉድለት አለችበት፤ በርዕሱ ውስጥ 1914 ተብሎ ተጽፏል፣ በግጥሙ የሚጠሩት ቲየፕቫልን የመሰሉ ስፍራዎች ግን በ1916ቱ የሶም ውጊያ የታወቁ ናቸው። ይህን ዘፈን ዋናው ድምፃዊ ኮሊን ብለንስተን አልዘፈነውም፤ ዋይት ራሱ በሚንቀጠቀጥ፣ በቀጭን ድምፅ በእግር በሚነፋ አሮጌ ኦርጋን ታጅቦ ተጫውቶታል። «ቢችውድ ፓርክ» ደግሞ ዋይት ካደገበት መንደር አቅራቢያ ያለ ግቢ ስም ነው፤ አባቱ በመንደሩ ውስጥ ሱቅ ነበራቸው። ከዝናብ በኋላ የሚተን የበጋ መንገድ የሚታወሰው በዚህ ዘፈን ውስጥ ነው፤ እኔ ዘፈኑ በጆሮዬ እያለ ሚኒባሱ ከአያት አልፎ ሜዳው ሲገለጥ ወዴት እንደምሄድ የረሳሁበት ጊዜ አለ።

እንግዲህ ውሃ ውሃ ስላለህ ነገር። ጥፋቱ የጆሮህም የአልበሙም አይደለም፤ ሁለቱ ክብደቱን የሚፈልጉት በተለያየ ቦታ ነው። እኛ በትዝታ፣ በባቲ፣ በአምባሰልና በአንቺ ሆዬ ያደግን ሰዎች የዘፈንን ክብደት የምንፈልገው በዜማው ላይና ድምፃዊው ዜማውን በሚያሽከረክርበት ጉሮሮ ላይ ነው። አምስቱ ድምፆች አንድ ጊዜ ከታወቁ በኋላ ቅኝቱ ቤታችን ነው፤ ከቤት ሳይወጣ የሚዘፍን ዘፋኝ ቅር አይለንም። በዚህ አልበም ውስጥ ግን ድምፃዊው ዜማውን ሳያሽከረክር፣ በትንፋሽ ብቻ ያህል፣ አንሥቶ ያስቀምጠዋል፤ ክብደቱ ያለው ከዜማው ሥር ባለው የኮርድ እንቅስቃሴ ላይ ነው። ቤቱ ራሱ ይንቀሳቀሳል ብልህ ይገባሃል። ስለዚህ አንድ ሙከራ ልምከርህ፤ ከፒያኖና ከድምፅ በቀር ምንም በሌለበት በ«ኤ ሮዝ ፎር ኤሚሊ» ጀምርና ዜማውን ትተህ የግራ እጁን ብቻ ተከተል፤ ኪቦርድህ ላይም የግራውን ብቻ ፈልገህ አግኝ። ከዚያ ቀኝ እጅህን ስትጨምርበት ውሃ የመሰለህ ነገር ወፈር ማለት ይጀምራል።

ይህ ሥራ ከሌላ አቅጣጫ በእኛም አገር ተሠርቷል። ሙላቱ አስታጥቄ በእንግሊዝና በቦስተን በርክሊ ትምህርት ቤት ሙዚቃ ተምሮ ሲመለስ ያስጨነቀው ጥያቄ፣ በአምስት ድምፅ የሚኖረውን ቅኝት መልኩን ሳያጠፉ በጃዝ ኮርድ ላይ እንዴት ማስቀመጥ ይቻላል የሚል ነበር፤ በ1974 አምሃ እሸቴ ያሳተመለት ሸክላ የዚያ ጥያቄ አንድ መልስ ነው። ሁለቱን በአንድ እሑድ ጎን ለጎን ብታዳምጧቸው ስለ ኮርድ ከማንም ትምህርት በላይ የምታገኙ ይመስለኛል።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ «በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ አስተምራለሁ። ይህ አልበም ሲወጣ ማንም እንዳላስተዋለው ጽፈዋል፤ ከዚያም በ2003 በታወቀ መጽሔት ከመቶዎቹ ምርጦች አንዱ ሆኖ እንደተመረጠ ጽፈዋል። ያው አልበም፣ ያው ድምፅ ነው። ከሁለቱ ፍርዶች አንዱ ስህተት መሆን አለበት። ሂስ እንዲህ ከሆነ ለተማሪዎቼ ምን ብዬ ላስተምር?»

መልስ፦ መምህር፣ ጥያቄዎ ተገቢ ነው፤ ነገር ግን በመጀመሪያ አንድ ነገር ላርም፤ ያጠፋሁትም እኔው ነኝ፣ ነገሩን በሁለት መስመር አጨናንቄ ስለጻፍሁት። በ1968 ሃያስያን አልበሙን አዳምጠው አልጣሉትም፤ በአመዛኙ አላገኙትም። ተፈርዶበት ከወደቀ ሥራና ችሎቱ ፊት ሳይቀርብ ከቀረ ሥራ መካከል ልዩነት አለ።

እንዴት ሳይቀርብ ቀረ ቢሉ፣ ቡድኑ አስቀድሞ ዕድለኛ ነበር፤ በ1964 «ሺ ኢዝ ኖት ዜር» የተባለው የመጀመሪያ ነጠላ ዜማቸው በአሜሪካ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ በኋላ ግን ዕድላቸው እየመነመነ ሄደ። ከአዲሱ አልበም በ1967 መጸው የወጡት ሁለት ነጠላ ዜማዎች ገዢ አጡ፤ በታኅሣሥ 1967 ቡድኑ ተበተነ። አልበሙ ለገበያ የቀረበው በሚያዝያ 1968 ነው፤ በዚያን ጊዜ መድረክ ላይ የሚወጣ፣ ጋዜጠኛ የሚያነጋግር፣ ከከተማ ከተማ የሚዞር ቡድን የለም። በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ ውስጥ ከነጭራሹ አልገባም። የፖፕ ሂስ ራሱም ገና ሕፃን ነበር፤ «ሮሊንግ ስቶን» የተባለው መጽሔት መታተም የጀመረው በኅዳር 1967 ነውና አልበሙ ሲወጣ ገና ስድስት ወር አልሞላውም፤ የእንግሊዝ ሳምንታዊ የሙዚቃ ጋዜጦችም ለአንድ ሸክላ የሚሰጡት ጥቂት መስመር ብቻ ነበር። በዚያ ላይ የጊዜው ምርጫ ተለወጠ። በ1967 የነበረው ብዙ ቀለምና ብዙ ድምፅ በ1968 እየሰለቸ፣ ሰዎች ወደ ከበደ ጊታርና ወደ ጥንት ብሉዝ ዞር እያሉ ነበር። አንድ ዓመት ዘግይቶ የደረሰ አዲስ ልብስ ማለት ነው፤ ስፌቱ ምንም ቢያምር ሰርጉ አልፏል።

ከመጣል ያዳነው ሃያሲ አልነበረም፤ አንድ ሙዚቀኛ ነበር። አል ኩፐር የተባለው አሜሪካዊ ሙዚቀኛና ኮሎምቢያ የተባለው የሸክላ ኩባንያ ባልደረባ ሸክላውን ለንደን አግኝቶ ወደ ኒው ዮርክ ይዞት ሄደ፤ አልበሙ በአሜሪካ መውጣት እንዳለበትም አለቆቹን ወጥሮ አሳመነ። ኩባንያው መጀመሪያ በነጠላ ያወጣው ያንን የምሽግ ዘፈን ነበር፤ የቬትናም ጦርነት ጊዜ ስለነበር ሰው ይሰማዋል ብሎ አስቦ ነው፤ አልሆነም። ቀጥሎ «ታይም ኦፍ ዘ ሲዝን» ወጣ፤ በ1969 መጀመሪያ ላይ ቢልቦርድ በተባለው የአሜሪካ የሙዚቃ ሰንጠረዥ 3ኛ ደረጃ ላይ ደረሰ፤ አልበሙ ግን ከ95ኛ በላይ አልወጣም። በብዙ የታወቀው ይህ ዘፈን ሲቀረጽ ብለንስተንና አርጀንት ስለ አዘፋፈኑ ተጣልተው እንደነበር፣ ብለንስተንም «ይህን ያህል የምታውቅ ከሆነ ገብተህ ራስህ ዝፈነው» እንዳለ ሁለቱም ሲያወሱት ይሰማል። ዘፈኑ ሲነሣ ብለንስተን በለንደን በአንድ የመድን መሥሪያ ቤት ተቀጥሮ ነበር፤ አርጀንት አዲስ ቡድን እያቋቋመ ነበርና እንደገና ለመሰባሰብ አልፈለጉም። በዚህ መካከል ዞምቢስ ነን የሚሉ አስመሳይ ቡድኖች አሜሪካን እየዞሩ ገንዘብ ሰበሰቡ። ዘፈኑ ያን ሁሉ ሰው ሲያስጨፍር ባለቤቶቹ መድረክ ላይ አልነበሩም።

ከዚያ በኋላ ያለው ነገር ቀስ ብሎ የሄደ ነው። አልበሙ በድጋሚ እየታተመ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ፤ ፖል ዌለር የተባለው እንግሊዛዊ ሙዚቀኛ ከሚወዳቸው አልበሞች አንዱ መሆኑን ደጋግሞ ተናገረ፤ ፉ ፋይተርስ የተባለው የአሜሪካ ሮክ ቡድን ዴቭ ግሮልም የመጀመሪያውን ዘፈን በታላቅ አክብሮት አንሥቶታል። በ1997 የቡድኑ ሥራዎች በአንድ ሳጥን ተሰብስበው ታተሙ። በ2003 ሮሊንግ ስቶን ባወጣው የአምስት መቶ አልበሞች ዝርዝር 80ኛ ሆነ። መምህር፣ እዚህ ላይ ጥያቄዎን የሚያባብስ ነገር ልጨምርልዎ፤ በ2012 በዚያው መጽሔት ዝርዝር 100ኛ፣ በ2020 ደግሞ 243ኛ ሆኗል። በስምንት ዓመት ውስጥ ከመቶ አርባ ደረጃ በላይ መውረዱ በሸክላው ላይ አንዳች ስለደረሰ አይደለም፤ በ2020 ድምፅ የሰጡት ሰዎች ብዛትና ዓይነት ስለተለወጠ፣ የሂፕ ሆፕና የአር ኤንድ ቢ አልበሞችም ቀድሞ ያልነበራቸውን ቦታ ስላገኙ ነው። ዝርዝር የመራጮቹ ፎቶግራፍ ነው እንጂ የአልበሙ ልኬት አይደለም። ተማሪዎችዎ ደረጃውን ትተው ምክንያቱን እንዲያነቡ ቢያደርጉ፣ ማለትም ጸሐፊው «ይህ አልበም ይህን ስላደረገ» ያለበትን ዐረፍተ ነገር እንዲፈልጉ ቢጠይቋቸው፣ ያኔ ከ1969ም ከ2020ም የሚረባ ሂስ ያገኛሉ።

በምክንያት ደረጃ ደግሞ የሚከራከሩበት ነገር አለ። አንዳንዶች «ቡቸርስ ቴል»ን ብሩህ በሆነ አልበም ላይ የተሰነቀረ ጨለማ ነው ይሉታል። እኔ አልስማማም፤ አልበሙ ከእስር ቤት ደብዳቤ ጀምሮ በብቸኛ ሴት መቃብር በኩል የሚያልፍ ነው፤ ብሩህነቱ በዜማው ላይ እንጂ በጉዳዩ ላይ አይደለም፤ የምሽጉ ዘፈን ዜማው ጉዳዩን የመሰለበት ብቸኛ ቦታ ነው። ሌሎች ደግሞ «ሳይኬዴሊክ» የሚለው ስም አይገባውም፣ «ባሮክ ፖፕ» (የክላሲካል ሙዚቃ ቀለም ያለው ፖፕ) ይባል ይላሉ፤ በዚህ ላይ ወደ እነርሱ አዘነብላለሁ፤ ከላይ ለእናታችን የሰጠሁት መልስም ይህንኑ የሚደግፍ ነው።

ከአገራችን አንድ ምሳሌ ልጨምር፤ ልዩነቱ ስለሚጠቅም ነው። ኃይሉ መርጊያ በ1985 በዋሽንግተን ብቻውን በአኮርዲዮንና በኤሌክትሪክ ኪቦርዶች የቀረጸው ካሴት፣ በ2013 በአሜሪካ ዳግም ሲታተም የውጭ ሃያስያን እንደ ግኝት ተቀበሉት፤ እርሱም ዋሽንግተን ውስጥ ታክሲ እየነዳ ይኖር ነበር። የታክሲውና የመድን ቢሮው ነገር ሁለቱን ታሪኮች አንድ ያስመስላቸዋል፤ ግን አይደሉም። ያንን ካሴት አሳታሚው ያገኘው ባሕር ዳር ውስጥ ነው፤ እኛ ቤት ነበረ፤ የታወቀው ለእነርሱ ነው። የዞምቢሶቹ ተቃራኒ ነው፤ የገዛ አገራቸው ያልሰማውን ባሕር ማዶ ሰማው። ስለዚህ «ሃያስያን ዝም አሉ» የሚል ዐረፍተ ነገር ሲያጋጥምዎ፣ የየት አገር ሃያስያን፣ በዚያን ጊዜስ ማን ያዳምጠው ነበር ብለው ይጠይቁልኝ።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ «የድሮ ሸክላ እሰበስባለሁ። በርዕሱ ላይ ‹ኦደሴ› የሚለው ቃል የተጻፈበት ፊደል የተሳሳተ አይደለም? ሸክላውንስ ሞኖውን ልፈልግ ወይስ ስቴሪዮውን?»

መልስ፦ የተሳሳተ ነው። ሽፋኑን የሣለው የክሪስ ዋይት የቤት ተጋሪ የነበረው ቴሪ ኩርክ ሲሆን፣ አንዷን ፊደል ለውጦ ጻፋት (በOdyssey ፋንታ Odessey)፤ ሲታይ ጊዜው አልፎ ነበር። አርጀንት ለዓመታት ሆን ተብሎ የተደረገ የቃላት ጨዋታ ነው እያለ ይመልስ ነበር፤ ኋላ ላይ እውነቱን ተናግሯል። ሽፋኑ በዚያች ፊደል አልተጎዳም፤ በጀርባው ላይ ከሼክስፒር «ዘ ቴምፔስት» የተወሰደ፣ ደሴቲቱ በድምፅ የተሞላች ስለሆነች አትፍሩ የሚል ጥቅስ አለበት።

ስለ ሞኖና ስቴሪዮ (ሞኖ ድምፁ ሁሉ በአንድ መስመር፣ ስቴሪዮ በግራና በቀኝ ተከፍሎ የሚሰማበት ነው) ጉዳዩ ከሌሎች አልበሞች ለየት ይላል። ቡድኑ ቀርጾ ያስረከበው ሞኖውን ነው፤ ኩባንያው ስቴሪዮም ይምጣ ሲል የተሰጣቸው ገንዘብ አልቆ ስለነበር አርጀንትና ዋይት ከድርሰት ገቢያቸው ከፍለው አሠሩት። «ዚስ ዊል ቢ አወር ይር» ላይ ያሉት ጥሩንባዎች ግን በቴፑ ላይ ለብቻቸው አልተቀረጹም፤ የሞኖው ቅልቅል በሚሠራበት ጊዜ ነው በቀጥታ የተጨመሩት፤ ስለዚህ ያ ዘፈን ትክክለኛ ስቴሪዮ ሊወጣው አልቻለም፤ በስቴሪዮው ሸክላ ላይ ያለው ከሞኖው የተዘረጋ የውሸት ስቴሪዮ ነው። ስቴሪዮውን ካገኙ አይመልሱት፤ የሜሎትሮኑና የድምፆቹ መለያየት በእርሱ ላይ በደንብ ይታያል። አንዱን ብቻ የሚገዙ ከሆነ ግን ሞኖውን ይፈልጉ፤ የመጀመሪያው እትም በገበያችን ላይ እምብዛም ስለማይታይ ሻጭ «ኦሪጂናል ነው» ሲልዎ ሽፋኑን ገልብጠው የታተመበትን ዓመት ይመልከቱ፤ ከዚያም መርፌውን በሁለተኛው ገጽ ሦስተኛው ዘፈን ላይ ማለትም በጥሩንባዎቹ ላይ ያሳርፉት።